ጠርዙን እይ፦ ላሜራ በቶርኖ ማውጣት ለሚጀምር ሰው

ጥያቄው የመጣው ከሰበታ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«የእንጨት ቶርኖ አለኝ። የወንበርና የአልጋ እግር እየሠራሁ ነው የምተዳደረው። ክብ የአልሙኒየም ላሜራ በቶርኖ እያሽከረከሩ፣ በረጅም ብረት እየገፉ ዕቃ ሲያወጡ በቪዲዮ አየሁ። ደስ አለኝና ኩባያ የሚያክል ጥልቅ ነገር ሞከርኩ። ጠርዙ ይጨማደድብኛል። ጠንከር አድርጌ ስገፋው ይብሳል፤ መጨረሻ ላይ ይቀደዳል። ችግሩ ማሽኑ ነው ወይስ እኔ? ምን ምን መሣሪያ ልግዛ? ሐሳቤ የምጣድ ክዳን እያመረትኩ መሸጥ ነው። ከየት ልጀምር?»

ወንድሜ፣ እንጨት በቶርኖ የሚሠራ ሰው ይህን ሙያ ከብዙ ሰው ቀድሞ ይይዘዋል። ማሽን አትፈራም። ማዕከል ማውጣት ታውቃለህ። የሚሽከረከር ነገር ሲንቀጠቀጥ ጆሮህ ቶሎ ይሰማል። ይህ ትልቅ ስንቅ ነው። መተው ያለብህ ግን አንድ ልማድ አለ። እንጨት ላይ ዓይንህ የስለቱን ጫፍ ይከተላል። እዚህ ማየት ያለብህ ጠርዙን ነው። መግፊያው፣ ያ ረጅሙ ብረት፣ መሃል ላይ እየሠራ፣ ዓይንህ ዳር ላይ ይሁን። ከዚህ በታች ስለ ላሜራ፣ ስለ ፎርማ፣ ስለ ሞራ የምነግርህ ሁሉ ለዚሁ ለጠርዙ ሲባል ነው።

ለምን እንደሚጨማደድ እንይ። ክብ ወረቀት ቁረጥና ስኒ ውስጥ በጣትህ ግፋው። ዙሪያው ይታጠፋል። ሰፊ የነበረው ዙሪያ ጠባብ አፍ ውስጥ ግባ ተባለ፤ የተረፈው መሄጃ አጣ፤ ታጠፈ። ላሜራም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ፣ ላሜራ ቀስ ተብሎ ከተያዘ ትርፉን ወደ ውፍረቱ መዋጥ ይችላል። ካልተያዘ እንደ ወረቀቱ ይታጠፋል።

በቁጥር ላሳይህ። አፉ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጎድጓዳ ሰሃን ልታወጣ ነው እንበል። ለዚህ 22.4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ላሜራ ይበቃል። የክቡ ዙሪያ 70.4 ሴንቲ ሜትር ነው። የሰሃኑ አፍ ዙሪያ ደግሞ 62.8 ነው። ስለዚህ 7.6 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ መዋጥ አለበት። አሁን ከዚያው ከ22.4ቱ ክብ፣ አፉም ጥልቀቱም 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ኩባያ ማውጣት ይቻላል። የላሜራው መጠን አንድ ነው። የኩባያው አፍ ዙሪያ ግን 31.4 ብቻ ነው። መዋጥ ያለበት 39 ሴንቲ ሜትር ሆነ ማለት ነው። ከሰሃኑ አምስት እጥፍ ይበልጣል።

አየህ፣ አንተ የጀመርከው ከአምስት እጥፉ ነው። ኩባያ እጁ የጠና ሰው ሥራ ነው፤ ብዙ ጊዜም በመሃል ላሜራውን በእሳት ማለስለስ ይጠይቃል። ስለዚህ ማሽኑንም ራስህንም አትውቀስ። ሰሃኑን ያዝ። አፉ 20፣ ጥልቀቱ 5። እሱን ጠርዙ ሳይነቃነቅ ደጋግመህ እስክታወጣ ድረስ ሌላ ቅርጽ አትንካ።

የክቡን ስፋት እንዴት እንዳገኘሁት ልንገርህ፤ ሁልጊዜ ያስፈልግሃል። ለጎድጓዳ ሰሃን የአፉን ግማሽ በራሱ አባዛ፤ 10 ጊዜ 10፣ 100። ጥልቀቱንም በራሱ አባዛ፤ 5 ጊዜ 5፣ 25። ደምራቸው፤ 125። በስልክህ ካልኩሌተር ስኩዌር ሩቱን አውጣ፤ 11.18። እጥፍ አድርገው፤ 22.4። ይህ ላሜራው ሳይሳሳ እንደሚቀር አድርጎ የሚያሰላ ነው። ለጠርዝ ማስተካከያ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ጨምርበት። ብዙ አትጨምር። የሚተርፈው ሁሉ የሚጨማደድ ጠርዝ ነው።

አሁን ወደ ላሜራው። ለመማሪያ የሚሆነው ንጹሕና ለስላሳ አልሙኒየም ነው፤ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር። በፋብሪካ ቁጥሩ 1050 ወይም 1100 የሚባለው ነው፤ ለስላሳነቱን የሚያሳየው ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚጻፈው «ኦ» ነው። ሜርካቶ ገብተህ ቁጥር ብትጠይቅ መልስ ላታገኝ ትችላለህ። በእጅህ ፈትን። ጣት የሚያህል ቁራጭ አስቆርጥና ሙሉ በሙሉ እጠፈው። ለስላሳው ያለ ብዙ ትግል ይታጠፋል፤ እንደታጠፈም ይቀራል። ጠንካራው እየነጠረ ይመለሳል፤ መታጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል። ከመንገድ ምልክትና ከማስታወቂያ ሰሌዳ የሚወጣው አልሙኒየም ብዙውን ጊዜ ጠንካራው ዓይነት ነው። ርካሽ ቢሆንም ለአሁኑ ተወው። አሮጌ ቀልጦ የተሠራ የአልሙኒየም ድስትም ለዚህ አይሆንም፤ ይሰበራል። የቤት ቆርቆሮን ጭራሽ አትሞክር። እሱ ዚንክ የተቀባ ብረት ነው። ጠንካራ ከመሆኑም በላይ፣ ላለስልሰው ብለህ እሳት ብታሳየው የዚንኩ ጭስ ይጎዳሃል።

ውፍረቱንም ቢሆን በነጋዴ ቃል አትመን። ሚዛን ላይ አውጣው። አልሙኒየም 1 ሚሊ ሜትር ሆኖ 1 ሜትር በ2 ሜትር ከሆነ 5.4 ኪሎ ይመዝናል። 4.3 ኪሎ ገደማ ካሳየህ የያዝከው 0.8 ነው። ቀጭን በሆነ ቁጥር ቶሎ ይጨማደዳል። 0.8 ለለመደ እጅ ምንም ማለት አይደለም፤ ለጀማሪ ግን ልዩነቱ ብዙ ነው። ከአንድ እንዲህ ያለ ላሜራ 24 ሴንቲ ሜትር ጎን ያላቸው 32 አራት ማዕዘኖች ይወጣሉ። ያ ማለት 32 ልምምድ ነው። የሚበላሹትን እንደ ኪሳራ አትቁጠራቸው፤ ቁርጥራጩን በኪሎ ትሸጠዋለህ።

ክቡን በላሜራ መቀስ ከቆረጥክ በኋላ ጠርዙን በሞረድ ሙልጭ አድርገው። በሁለቱም ፊት። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። መቀሱ የተወው ትንሽ ጥርስ ሁለት ነገር ያመጣል። አንደኛ ሲሽከረከር ምላጭ ነው። ሁለተኛ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያች ጥርስ ነው። መቀደዱ ከዳር ጀምሮ ወደ ውስጥ የሚሄድ ከሆነ፣ አንድም ጠርዙ አልተሞረደም፣ አንድም ተጨማድዶ የነበረውን ቦታ ደጋግመህ ደፍጥጠህ አድርቀኸዋል፣ ማለትም አጠንክረኸዋል። መቀደዱ ከታች፣ መቀመጫው ዙሪያ ከሆነ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው፤ እዚያ ላሜራውን አሳስተኸዋል። ወይ አንድ ቦታ ላይ ቆመህ ገፍተሃል፣ ወይ የፎርማህ ማዕዘን ሹል ነው። የተቀደዱትን አትጣላቸው፤ ከየት እንደተቀደዱ እያቸው።

ፎርማው ላሜራው የሚጠቀለልበት የእንጨት ቅርጽ ነው። ይህን አንተ ከማንም በላይ ታውቅበታለህ። እንጨቱ ወይራ ቢሆን እመርጣለሁ። ከባድና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ በግፊት አይሰረጎድም። ግን በደንብ የደረቀ ይሁን። እርጥብ ወይራ ሠርተህ ብታስቀምጠው ይሰነጠቅብሃል። ዋንዛ ለጥቂት ሰሃኖች ይበቃል። በእናንተ በኩል በየአጥሩ ያለው ባሕር ዛፍ ግን ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል፤ አልመክረውም። የእንጨቱ ጅማት ከማሽኑ ዘንግ ጋር አብሮ ይሂድ። መቀመጫው ጠፍጣፋ ሆኖ፣ ማዕዘኑ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይከርከምና ይክበብ። በክረምት እንጨቱ እርጥበት ስለሚጠጣ ሥራ ከመጀመርህ በፊት በባዶው አሽከርክረህ እየው። እየዋዠቀ ከሆነ እንደገና አስተካክለው።

ከፎርማው መቀመጫ ትንሽ ጠበብ ያለ ሌላ ክብ እንጨት ሥራ። እሱ መጫኛው ነው። ፎርማው ከግራ፣ መጫኛው ከቀኝ፣ ላሜራው መሃል። ላሜራውን የሚይዘው ሌላ ነገር የለም፤ በግፊት ብቻ ነው የሚያዘው። ቪዲዮ ላይ ላሜራውን እየተሽከረከረ በዱላ ነካ ነካ አድርገው መሃል ሲያስገቡት አይተህ ይሆናል። የለመዱ ሰዎች ያደርጉታል። አንተ አታድርገው። ይልቅ ላሜራው መሃል 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሳ፤ ፎርማው ላይ አጭር ሚስማር ትከል። ሰሃኑ ቀዳዳ ይኖረዋል። ለልምምድ ምን ይጎዳል? መሃሉን የሳተ ላሜራ ግን እንደ መጥረቢያ ነው የሚወጣው።

ማሽንህ ለአልሙኒየም ይሆናል። የሚያሳስበኝ ጭራው፣ ማለትም ሥራውን ከቀኝ በኩል የሚደግፈው ክፍል ነው። እንጨት ስትሠራ ጭራው ይደግፋል እንጂ ብዙ አይጫንም። እዚህ በኃይል መጫን አለበት። ጭራህ ላይ ያለው ጫፍ የማይዞር ከሆነ መጫኛውን ያቃጥላል፤ ከዚያ ግፊቱ ይላላል፤ ላሜራው ያመልጣል። የሚዞር መሆን አለበት። ተራው ባለ ኳስ ኩሽኔታ ወደ ዘንጉ ርዝመት የሚመጣ ከባድ ግፊት ብዙ አይችልም። ከአሮጌ መኪና የፊት ጎማ መሃል የሚወጣው ሾጣጣው ኩሽኔታ ይችላል። ምን አለሽ ተራ ሞልቷል። ማቀፊያውን ቶርኖ ቤት አሠራ። ከምታወጣው ገንዘብ ሁሉ የማይቆጭህ ይህ ነው።

መሣሪያ ማሳረፊያውም እንዲሁ አይበቃም። እንጨት ላይ መሣሪያው ማሳረፊያው ላይ ይንሸራተታል። እዚህ ግን መደገፊያ ይፈልጋል። ወፍራም የብረት ዘንግ ላይ በየ2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትሩ ቀዳዳ አስበሳ፤ ጣት የሚያህል ፒን አስገባበት። ፒኑ ከመግፊያው በስተቀኝ ይቆማል። ሥራው ወደ ፊት ሲሄድ ፒኑን እየነቀልክ ወደ ቀጣዩ ቀዳዳ ታዞራለህ። ማሽኑን አቁመህ ነው ታዲያ።

ፍጥነቱ ለዚህ ሰሃን በደቂቃ 800 ዙር ገደማ ይሁን። ሞተርህ 1400 ዙር የሚል ከሆነ፣ የሞተሩ ፑሌጋ 8፣ የማሽኑ 14 ሴንቲ ሜትር ሲሆን 800 ታገኛለህ። እጅህ ሲለምድ ወደ 1000 ውጣ። ለአልሙኒየም እሱ ነው ደስ የሚለው ፍጥነት።

ስለ መብራት አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርህ። በከተማው ዳር ዳር መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ማሽኑ በተራ ማብሪያ የሚሠራ ከሆነ፣ መብራት ሄዶ ላሜራውን እየነካካህ ሳለ ድንገት ሊነሳብህ ይችላል። ኮንታክተር ያለው ማስነሻ አስገባ። መብራት ሲሄድ ይለቃል፤ ሲመጣ አንተ ቁልፉን ካልተጫንክ አይነሳም። ኤሌክትሪሺያኑ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። ሌላው ሁሉ ይቅር ብትል እንኳ ይህ አይቅርህ።

መግፊያውን አትግዛ፤ ራስህ ሥራው። እንጨት ላይ ስለት ነው የሚሠራው። እዚህ ስለት ጠላት ነው። የሚያስፈልግህ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው፣ ጫፉ እንደ እንቁላል የከበበ ጠንካራ ብረት ነው። ከአሮጌ መኪና የወጣ ጠንካራ ክብ ብረት ካገኘህ ጥሩ ነው፤ ፌሮ ግን ለስላሳ ስለሆነ ጫፉ ቶሎ ይፋቃል። እጀታው ረጅም ይሁን፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ75 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር። ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት እያጠቀንክ ፊትህ እስኪታይበት አብራው። ጫፉ ላይ ያለች ጭረት ሁሉ ሰሃኑ ላይ ትታያለች። ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው፣ ጫፉ ጠፍጣፋና አንድ ፊቱ ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ ለመጨረሻ ማለስለሻ የሚሆን። ሦስተኛው ጠርዝ መቁረጫ ነው፤ እሱ ብቻ ስለት አለው። በቃ። ጎማ የሚመስል ዘዋሪ ጫፍ ያላቸውን አሁን አትግዛ። ሥራ ያቀልላሉ፤ ለብረት ላሜራና ለብዛት ሥራ ጥሩ ናቸው። ለተማሪ ግን የላሜራውን መልስ ከእጅ ይሸሽጋሉ የሚል እምነት አለኝ።

ከመሣሪያ ሁሉ የሚረሳው ደጋፊ እንጨቱ ነው። መጥረጊያ እጀታ የሚያህል ጠንካራ እንጨት፣ አንድ ጫፉ ተጠርቦ ጠፍጣፋ የሆነ። በግራ እጅህ ትይዘዋለህ። ከላሜራው ጀርባ፣ መግፊያው ካለበት ትይዩ ታደርገዋለህ። ላሜራው በመግፊያውና በእንጨቱ መካከል ሲያልፍ መታጠፊያ ቦታ ያጣል። ስላንተ ኩባያ ሳነብ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ይህ እንጨት እንዳልነበረህ ነው።

ማለስለሻውን ሩቅ አትፈልግ። የበግ ወይም የበሬ ሞራ ከትንሽ ሰም ጋር አቅልጠህ አብርደው። ወይም ደረቅ የልብስ ሳሙና። ማሽኑ ሳይነሳ ላሜራውን በሙሉ ቀባው። መሃል ላይ ሲደርቅ፣ ሳሙናውን ወይም ሞራውን እንጨት ጫፍ ላይ አድርገህ ጨምር። ጨርቅ በጭራሽ አታስጠጋ። ጨርቁ ሲጠመጠም እጅህን ይዞ ነው የሚገባው። ደረቅ ላሜራ ይጮሃል፣ ይፋቃል፣ መግፊያው ላይ አልሙኒየም ይለጠፋል። እንዲህ ሲሆን አቁምና ጫፉን እንደገና አብራ።

አሁን ወደ ግፊቱ። አቋቋምህ ወሳኝ ነው። ከሚሽከረከረው ላሜራ ጠርዝ ትይዩ አትቁም። ወደ ጭራው በኩል፣ ቀኝ ሁን። ካመለጠ የሚሄደው በጠርዙ አቅጣጫ ነው። የእጀታውን ጫፍ ብብትህ ውስጥ አስገባ። በክንድህ አትግፋ፤ ክንድህ በአንድ ሰሃን ይዝላል። ሰውነትህን ወደ ቀኝ ስታዘነብል፣ ፒኑ ይመልሰዋል፤ ጫፉ ወደ ግራ፣ ወደ ፎርማው ይሄዳል። ጫፉ ላሜራውን የሚነካው ከመሃል መስመር ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው።

የመጀመሪያው ግፊት ከመጫኛው አጠገብ ነው። አጭር፣ ጠንካራ። ላሜራው ፎርማው ማዕዘን ላይ እስኪቀመጥ ድረስ። ይህን ሥር ማስያዝ በለው። ሥር ሳይዝ ወደ ውጭ ከሄድክ ሁሉ ነገር ይዋዥቃል። ሥር ከያዘ በኋላ ከዚያ ተነስተህ ወደ ውጭ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ጥረግና ልቀቅ። ተመለስ። እንደገና ጥረግ፣ ትንሽ ራቅ በል። አንድ ቦታ ላይ አትቁም። መጀመሪያ አካባቢ ጠርዙ ድረስ አትሂድ፤ 1 ሴንቲ ሜትር ሲቀርህ አቁም። ያ ጠፍጣፋ የቀረው ጠርዝ ሌላውን የሚያጸና ቀለበት ነው። እሱን ቶሎ ያጠፈ ሰው ሥራውን ያጣል።

ሌላው ሚስጥር የመልስ ግፊት ነው። ወደ ውጭ ብቻ ስትጠርግ ላሜራውን እየሳብክ ታሳሳዋለህ። ስለዚህ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ውጭ ከሄድክ፣ አንዴ ከጠርዙ በኩል ወደ ውስጥ ተመለስ። በቀስታ፣ ደጋፊ እንጨቱ ከኋላ ሆኖ። ያ ትርፉን ዙሪያ ወደ ውፍረቱ የሚሰበስበው ግፊት ነው። 7.6 ሴንቲ ሜትሩ የሚዋጠው እዚህ ነው።

ላሜራውን በአንዴ ፎርማው ላይ ለመለጠፍ አትቸኩል። መጀመሪያ እንደ ሰፊ ማንቆርቆሪያ አፍ ይከፈት። ቀስ በቀስ ወደ ፎርማው ይጠጋ፤ ከሥሩ ጀምሮ ይለጠፍ። በላሜራውና በፎርማው መካከል ክፍተት መኖሩ አያስጨንቅህ። መጨረሻ ላይ ይዘጋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ዓይንህ ጠርዙ ላይ ነው። የሚሽከረከር ጤነኛ ጠርዝ ቀጭን ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይታያል። መጨማደድ ሲጀምር መስመሩ ይወፍራል፣ ይደበዝዛል። ጆሮህም ይረዳሃል፤ ድምፁ ከለስላሳ ፉጨት ወደ መርገብገብ ይቀየራል። ያኔ ወዲያው ግፊቱን ልቀቅ። ደጋፊ እንጨቱን ከኋላ አስጠጋና ከጠርዙ ወደ ውስጥ በቀስታ ጥረግ። ገና ሞገድ ከሆነ ይስተካከላል። እጥፋት ከሆነ፣ ማለትም በጥፍርህ ስትነካው የሚይዝህ ከሆነ፣ ማሽኑን አቁምና ጣለው። እጥፋትን በኃይል ላስተካክል ማለት መግፊያውን ያስነጥቃል። አንተ «ጠንከር አድርጌ ስገፋው ይብሳል» ያልከው ይኸው ነው። ጠርዙ ሲረበሽ መጠንከር የለም፤ መላላት ነው።

ለዚህ ሰሃን እሳት አያስፈልግህም። ወደ ጥልቅ ነገር ስትሄድ ግን ላሜራው በተገፋ ቁጥር ይደርቃል። ጫፉን እየመለሰ እንቢ ይልሃል። ያኔ አውርደህ አለስልሰው። አልሙኒየም የሚለሰልሰው ከ350 እስከ 400 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የሚቀልጠው በ660 ነው። ችግሩ ከመቅለጡ በፊት ቀልቶ አያስጠነቅቅህም። ስለዚህ ደረቅ ሳሙና አሽበት፤ ከጀርባው በጋዝ እሳት እያንቀሳቀስክ አሙቀው። ሳሙናው ቡናማ ሆኖ ወደ ጥቁር ሲሄድ እሳቱን አንሳ። መዳብ ይቀላል፤ ጨለም ያለ ቀይ ሲሆን ውኃ ውስጥ ክተተው፤ ይለሰልሳል። የማይዝግ ብረት ግን ገና ሲነካ ይደርቃል። እሱን ለጊዜው አታስበው።

ማለቂያው ቀላል ነው። በጠፍጣፋው መግፊያ ሰሃኑን በሙሉ አንዴ በቀስታ አለስልስ። ከዚያ ጠርዙን ቁረጥ። እዚህ ተጠንቀቅ። ተቆርጦ የሚወጣው ቀለበት እንደ ጅራፍ ይማታል፤ ምላጭም ነው። በትንሽ በትንሹ ንከስ፤ ቀጥ ብሎ ከሚሄድበት አቅጣጫ ራቅ። ረጅም ከሆነ ማሽኑን አቁመህ በመቆንጠጫ አንሳው። በእጅህ አትሳብ።

ሌላው ጥንቃቄ፦ ፊት ሙሉ የሚሸፍን ጭምብል፣ እጅጌው የተጠቀለለ ልብስ፣ ቆዳ ጫማ። ሻሽ፣ ጋቢ፣ የሚንጠለጠል ገመድ አይኑር። ሰፊ ጓንት አትልበስ። የሚሽከረከር ጠርዝ በጣት አትንካ፣ ለስላሳ ቢመስልህም። ልጆች እየመጡ የሚያዩህ ከሆነ በጭራው በኩል እንጂ በጠርዙ አቅጣጫ እንዳይቆሙ ቦታ ከልልላቸው።

ወደ ምጣድ ክዳኑ እንምጣ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ምጣድ የሌለው ቤት የለም፤ ክዳኑም ይጎብጣል፣ ይቀየራል። ቅርጹም ዘርጋ ያለ ስለሆነ ከኩባያ በጣም ያነሰ ዙሪያ ነው የሚዋጠው። ከባድ የሚያደርገው ስፋቱ ነው። አፉ 60፣ ከፍታው 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክዳን እንውሰድ። ለሾጣጣ ቅርጽ የአፉን ግማሽ በጎኑ ርዝመት አባዛ፤ 30 ጊዜ 36። ስኩዌር ሩቱን እጥፍ አድርግ፤ 66 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። እንግዲህ ማሽንህ ከማዕከሉ እስከ አልጋው (ክፍሎቹ የሚቀመጡበት አግዳሚ) ቢያንስ 35 ሴንቲ ሜትር ቁመት ሊኖረው ነው። የወንበር እግር የሚሠራ ቶርኖ ብዙውን ጊዜ ይህን አያገኝም።

ፍጥነቱንም አስብ። የሰሃንህ ጠርዝ በ800 ዙር በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው። የ66ቱ ክብ በዚያው ዙር ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ክብደቱም 900 ግራም አልፏል። ስለዚህ ለእሱ ዙሩ በጣም ዝቅ ማለት አለበት፤ ከ300 በታች ጀምር። ማሽኑ ከሲሚንቶ ወለል ጋር በቡሎን ይታሰር። ዙሪያው በጠንካራ ላሜራ ይከለል። እንዲህ ያለ ማሽን ገዝተህ ሳይሆን አሠርተህ ነው የምታገኘው፤ ለዚያ ደግሞ የቶርኖና የብየዳ መሠረት ያስፈልጋል። ከተማ ገባ ብለህ መማር ከቻልክ ተግባረ ዕድና ጄኔራል ዊንጌት ኮሌጆች የማሽን ሥራ ያስተምራሉ፤ ጠይቃቸው።

እስከዚያ ባለህ ማሽን የሚሸጥ ዕቃ አለ። 20 ሴንቲ ሜትሩ ሰሃን መሃሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ሲሰፋ የመብራት ክዳን ይሆናል፤ የአምፖሉ መያዣ በቀዳዳው ያልፋል። ለካፌና ለምግብ ቤት ከጣራ የሚንጠለጠል የመብራት ክዳን ዛሬ ተፈላጊ ነው፤ ለዚህ ልምምድህ ራሱ ገበያ ያገኛል። ከዚያ 25፣ ከዚያ 30 ሴንቲ ሜትር። ጥልቀቱን አትጨምር፤ ስፋቱን ጨምር። ወደ ምጣድ ክዳን የሚወስድህ መንገድ ይህ ነው።

ቀጥለህ ስትጽፍልኝ የማሽንህን የማዕከል ቁመት በሴንቲ ሜትር፣ የሞተርህን ዙር፣ የሁለቱን ፑሌጋ ስፋት ላክልኝ። በማሽኑ ራስ፣ ፎርማው በሚታሰርበት በኩል፣ ያለው ኩሽኔታ ላይ የተጻፈውን ቁጥርም ጨምር። ከተጨማደዱት አንዱን ደግሞ ከጎን ፎቶ አንሳው፤ ከየት እንደጀመረ እንዲታየኝ ጠርዙ በደንብ ይግባ።